የማይሮጥ ሐበሻ

አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ልጅ ሆኖ ማደግ የራሱ ዕዳ አለው። ቅዳሜ ጠዋት የክፍል ጓደኞቹ ካርቱን ሲያዩ እሱ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ገብቶ ሀ ሁ ይቆጥራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጉንጩን እያቀበለ ይሳማል። ስታድግ ምን ትሆናለህ ሲባል «ዶክተር» ካላለ እናቱ ፈጥና ታርመዋለች። ይህ ሁሉ ግን የስፖርት መምህሩ ከሚጭንበት ዕዳ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው።

የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር መምህሩ ስም እየጠራ ሄዶ ሄዶ አንዱ ስም ላይ ይደናቀፋል። «ይሄ ስም የየት አገር ነው?» ይላል። የስሙ ባለቤት የተወለደችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ቢሆንም የሚፈለገውን መልስ ስለምታውቅ «ቤተሰቦቼ ከኢትዮጵያ ናቸው» ትላለች። የመምህሩ ፊት ይበራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያቺ ልጅ ሯጭ ናት።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ደጋገመ። ቀነኒሳም ጥሩነሽም ተከተሉ። እነሱ ሜዳሊያቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው አገራቸው ገቡ፤ ሒሳቡን እየከፈለች ያለችው ግን ሩጫ በተባለ ቁጥር ሆዷን የሚቆርጣት የኔ ልጅ ናት።

እዚህ አገር ትምህርት ቤቶች ፔሰር የሚሉት ፈተና አላቸው። መሬቱ ላይ 20 ሜትር ይለካል፤ ከድምፅ ማጉያው «ቢፕ» ይላል፤ ቢፑ ተመልሶ ከመጮሁ በፊት ሌላኛው ጫፍ መድረስ ነው። ችግሩ ቢፑ በየደቂቃው እየፈጠነ መሄዱ ነው። ሁለት ጊዜ የተቀደመ ልጅ ይወጣና ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። ልጄ ግድግዳው ላይ ቦታዋን ከሚይዙት ቀዳሚዎች አንዷ ናት። መምህሩ አይቆጣትም። በሐዘን ነው የሚያያት፤ አገሯን የከዳች ያህል።

ብርዱ ሲጠናና ሜዳው በረዶ ሲለብስ ደግሞ ያው መምህር ከዕቃ ቤቱ በጆንያ የታጨቁ ነጫጭ የፕላስቲክ ፒኖች ጎትቶ ያወጣል። ለጥቂት ሳምንታት የስፖርት ትምህርቱ ቦውሊንግ ይሆናል። ልጄ በዚያ ሰሞን ሳትቀሰቀስ ነው የምትነሳው።

ወሬው ሐበሻ ወላጆች ዘንድ ሲደርስ ግን ጥሩ አቀባበል አልገጠመውም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ላይ አንዱ አባት «ይሄን ሁሉ የቤት ታክስ የምንከፍለው ልጆቻችን ኳስ እንዲያንከባልሉ ነው እንዴ?» አለ። አጠገቡ የነበሩ አንድ ጋሼ «ስፖርት ማለት ላብ ነው፤ ላብ የሌለው ስፖርት ቁማር ነው» ብለው ዘጉት። ጋሼ ካርታ አጥብቀው ስለሚጫወቱ የሚሉትን ያውቃሉ። እኔ ከመፍረዴ በፊት ልይ ብዬ በፈቃደኛ ወላጅነት ተመዘገብኩ። ትምህርት ቤቱ ፎርም አስሞልቶ፣ ወንጀል እንደሌለብኝ አጣርቶ፣ ደረቴ ላይ ስሜን ለጥፎ ሲያበቃ ፒን እንዳነሳ ፈቀደልኝ።

ጂሙ ውስጥ ከቅርጫት ኳሱ መስመር በላይ በባለቀለም ቴፕ ብዙ ጠባብ መንገዶች ተሠምረዋል። የእውነተኛው ቦውሊንግ መንገድ ከመልቀቂያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ከ29 ሳንቲሜትር ነው፤ ወርዱ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም። ኳሱ እስከ 16 ፓውንድ ይመዝናል፤ በኪሎ ሰባት ከሩብ ያህል። ፒኑ 38 ሳንቲሜትር ቁመትና ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት ያለው የእንጨት ጉድ ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች የሚሰጣቸው ግን ጥቂት እርምጃ የምታህል መንገድ፣ የላስቲክ ኳስና ባዶ የፕላስቲክ ፒን ነው። የጂሙ በር ተከፍቶ ነፋስ ሲገባ አንዳንዱ ፒን ማንም ሳይነካው ይወድቃል፤ ተረኛው ልጅም «እኔ ነኝ የጣልኩት» ከማለት አይመለስም።

መምህሩ የሚያስተምረው አራት ነገር ነው። ኳሱን ያዝ፣ እጅህን ወደኋላ ውሰድ፣ አንድ እርምጃ ሂድ፣ ዝቅ ብለህ ልቀቅ። ቀላል ይመስላል። ጣጣው ያለው እርምጃዋ ላይ ነው፤ ኳሱ በቀኝ እጅ ከሆነ የሚቀድመው ግራ እግር ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ቀኝና ግራውን ለይቶ የሚያውቀው ቆሞ ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ ኳስ ይዞ ሲንቀሳቀስ ይጠፋበታል። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ በየመንገዱ አፍ ላይ የእግር ቅርጽ ቆርጦ ለጥፏል። አንድ ጎረምሳ ቢጤ ልጅ የተለጠፈውን እግር ንቆ ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን አንድ ላይ ሰደደ። ተሽከርክሮ በቂጡ ተቀመጠ። ኳሱ መንገድ ቀይሮ ጎረቤት ገባና ስድስት ፒን ጣለ። ክርክር ተነሳ። የወደቀው ልጅ «ኳሱ የኔ ነው» አለ፤ የጎረቤቱ ልጅ «ፒኑ የኔ ነው» አለ። አገራችን ውስጥ በዚህ ዓይነት የድንበር ጉዳይ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው አለ። መምህሩ ለሁለቱም ስድስት ስድስት ሰጥቶ አሰናበታቸው።

የእጅና የእግሩ ነገር ቀልድ አይደለም። ቤዝቦል የሚወረውርም፣ ጦር የሚወረውርም፣ እጅ ኳስ የሚጫወትም የሚነሳው ከዚችው ተቃራኒ እግር ነው። ቦውሊንግ ላይ ኳሱ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ ልጁ ፊቱን ሳይመታው፣ መያዝ ሳያስፈልገው፣ ከላይ የሚመጣበትን ሳይፈራ ያቺን እርምጃ ይለማመዳታል። ሼፕ አሜሪካ የሚባለው የስፖርት መምህራን ማኅበር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሳምንት 150 ደቂቃ የስፖርት ትምህርት ያግኝ ይላል። ብዙ ቦታ የሚገኘው ከዚያ በታች ስለሆነ መምህሩ ያገኛትን ሰዓት በማይረባ ነገር አያባክናትም።

እጃቸው ያልጠና ትንንሾች ደግሞ ኳሱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እግራቸውን ከፍተው፣ በመሀል ይገፉታል። ከጎኔ የቆመች አንዲት እናት ይህን አይታ «እንዲህማ ነውር ነው» አለች። እስቲ የአውስትራሊያውን ጄሰን ቤልሞንቴን ትጠይቀው። ወላጆቹ የቦውሊንግ ቤት ነበራቸው፤ ገና በሕጻንነቱ ኳሱ ስለከበደው በሁለት እጁ መግፋት ጀመረ፤ ካደገም በኋላ በሁለት እጁ መወርወሩን አልተወም። ሰው ሁሉ እየሳቀበት ከማንም ተጫዋች በላይ ታላላቅ ዋንጫዎችን ሰበሰበ። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ እሱን ነው የሚቀዳው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እኔ ጂሙ ውስጥ የተገረምኩት በወርዋሪዎቹ አይደለም፤ በፒን አቋሚዎቹ ነው።

በያንዳንዱ መንገድ ላይ ሦስት ልጆች ናቸው ያሉት። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ከጀርባ ኳስ ይመልሳል፣ አንዱ የወደቀውን ያቆማል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ቤት ውስጥ የወደቀ ካልሲ አንሺ ስትባል ወገቧን የምታማ ልጄ እዚህ «የኔ ተራ ነው!» እያለች ፒን ለማቆም ትጣላለች። መሬቱ ላይ የፒኖቹ ቦታ በነጥብ ተመልክቷል፤ ከፊት አንድ፣ ከኋላው ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ መጨረሻ አራት። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ተንበርክካ፣ አንዱን በአንዱ ነጥብ ላይ ታሳርፋለች። ዘጠኝ ደረሰች። አሥረኛውን ልታስቀምጥ ስትዞር የሹራቧ ጫፍ ሰባተኛውን ነካው። ሰባተኛው አራተኛውን፣ አራተኛው ሁለተኛውን ይዞ ወረደ። ሌላ ቀን ቢሆን እንባዋ ይቀድማት ነበር። ያን ቀን ግን «ኡፍ» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ እንደገና ጀመረች፤ ወርዋሪውም ኳሱን አቅፎ ጠበቃት። ሰባት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ ኳስ ይዞ ሰው ሲጠብቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ይህች የልጆች ደስታ ድሮ የልጆች መከራ ነበረች። የፒን ማቆሚያ ማሽን በ1950ዎቹ እስኪስፋፋ ድረስ በየቦውሊንግ ቤቱ ፒን የሚያነሱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ፎቶ አንሺው ሉዊስ ሃይን በ1910 ግድም የሕጻናትን ጉልበት ብዝበዛ ለማጋለጥ ካሜራውን ተሸክሞ ሲዞር ከማዕድን ጉድጓዱና ከጥጥ ፋብሪካው ሌላ የቦውሊንግ ቤቶችንም አንስቷል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፒን ሲያነሱ ያገኛቸው ልጆች ፊታቸው የጎልማሳ ነው። ወዲያ ወደኛም ብንል አስመራ ከተማ ውስጥ ፒኑ በሰው እጅ የሚነሳበት ያረጀ የቦውሊንግ ቤት አለ፤ አንደኛው ይወረውራል፣ ሌላው ከኋላ ተደብቆ ያነሳል። ጂሙን ከእነዚህ የሚለየው አንድ ነገር ተራው መዞሩ ነው። አሁን ያነሳው ቀጥሎ ይወረውራል።

እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት ሰውነት ማጎልመሻ ማለት ሜዳውን ሁለት ዙር ሮጦ ለስልሳ ልጅ አንድ ኳስ መጠበቅ ነበር። ኳሱን ያመጣው ልጅ አምበል ነው፤ ሌላኛው አምበል የሱ ጓደኛ ነው። ሁለቱ እየተፈራረቁ ይመርጣሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ቀጭን፣ አንድ ወፍራምና አንድ መነጽር ያደረገ ይቀራሉ። ለእነዚህም ሥራ አለ፤ ልብስና ደብተር መጠበቅ። እኔ ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ የሰፈራችንን ሹራቦች ሁሉ በሽታቸው ለይቼ አውቅ ነበር። እንግዲህ ቦውሊንግ ላይ አምበል የለም። የሚመርጥም የሚመረጥም የለም። ተራህ ሲደርስ መንገዱ ባዶ ነው፣ የሚነጥቅህ የለም፣ የሚያግድህ የለም፣ አሥሩም ፒን የቆመው ላንተ ነው። ወፍራሙም ቀጭኑም እኩል ሁለት ኳስ አለው። ዊልቸር ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ከፊቱ የብረት ተዳፋት ይደረግለትና ኳሱን ከላይ ይለቀዋል፤ ማነጣጠሩ የራሱ ነው። ለዚህ ነው እኔ ቦውሊንግን ከሩጫው አስበልጬ የምከራከርለት። ላቡ ይቅር፤ ላብ ፔሰር ላይ ይደረስበታል።

ያልወደድኩትንም ልናገር። በሌላ ክፍለ ጊዜ ሌላ መምህር ተተክቶ መጥቶ መንገዱን ሁሉ ወደ ሁለት ቀነሰውና ልጆቹን አሰለፋቸው። ሰልፉ የቀበሌ ዘይት ሰልፍ አከለ። አንዱ ሲወረውር ሌሎቹ ይገፋፋሉ፣ ጫማ ይፈታሉ፣ ከሰልፉ መጨረሻ ያለው ግድግዳ ይልሳል። ቦውሊንግ እንዲህ ከሆነ የጋሼ ንግግር ልክ ነው፤ እንዲያውም ቁማሩ ይሻላል፣ እዚያ ሰው ቢያንስ ነቅቶ ነው የሚቀመጠው።

ሒሳቡም አለ። የእውነተኛው ቦውሊንግ ነጥብ አቆጣጠር ተንኮል አለበት። አሥሩንም በአንድ ኳስ የጣለ ስትራይክ አለው፤ ለሱም አሥር ነጥብና ቀጥለው የሚወረወሩት ሁለት ኳሶች ያመጡት ይደመርለታል። በሁለት ኳስ የጨረሳቸው ስፔር አለው፤ አሥርና የሚቀጥለው አንድ ኳስ። ስለዚህ መጀመሪያ ስትራይክ መትቶ ቀጥሎ ሰባትና ሁለት የጣለ ልጅ የመጀመሪያ ዙሩ 19፣ ድምሩ 28 ነው። ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው ኳስ ስትራይክ የመታ 300 ይሞላል፤ ከዚያ በላይ የለም። ቦውሊንግ ቤት ውስጥ ይህን ሁሉ ስክሪኑ ስለሚደምረው አባቶች ቢራቸውን ይዘው በነጥቡ ይጨቃጨቃሉ እንጂ እንዴት እንደመጣ አያውቁትም። ጂም ውስጥ ግን ስክሪን የለም። ልጆቹ በሆዳቸው ተኝተው በእርሳስ ይደምራሉ። ታናናሾቹ የወደቀውን ብቻ ይቆጥራሉ፤ ከፍ ያሉት ስፔሩንም ይጨምራሉ። ቤት ውስጥ የሒሳብ የቤት ሥራ ሲባል ሽንት ቤት የሚገባ ልጅ እዚህ ጓደኛው ነጥብ ሲሰርቅ በአንድ ዓይኑ ይይዘዋል።

ነጥብ ካነሳን አይቀር ባራክ ኦባማ በ2008 ለምረጡኝ ዘመቻ ፔንሲልቬኒያ፣ አልቱና ከተማ ቦውሊንግ ቤት ገብቶ 37 ነጥብ ነበር ያመጣው። ዙሩን ሁሉ እንዳልጨረሰ ለሱ እንናገርለት። ቢሆንም የአገሬው ሰው ለሳምንታት ሳቀበት፤ ኳስ ማንከባለል የማይችል ሰው እንዴት አገር ይመራል ተባለ። ልጄ ይህን ስትሰማ «ስፖርት መምህሩ ማን ነበር?» አለች።

ባልቲሞር አካባቢ ደግሞ ዳክፒን የሚሉት የራሳቸው ዓይነት አላቸው፤ ከ1900 ግድም ጀምሮ የሚጫወቱት። ፒኑ አጭርና ድቡልቡል፣ ኳሱ ቀዳዳ የሌለው፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ክብደቱም ሁለት ኪሎ የማይሞላ ነው። በየዙሩ ሦስት ኳስ ይፈቀዳል። ትንሽ ስለሆነ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በውድድር ላይ ሙሉ 300 ያመጣ ሰው የለም። ለልጅ እጅ ግን የተሠራ ይመስላል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ያለን ወላጆች ቤቶቹ እስኪዘጉ ሳንጠብቅ ልጆቻችንን ብንወስድ ጥሩ ነው።

እኛ የሄድነው ግን ወደ ትልቁ ነው። የልደት ግብዣ ነበር። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡት አማቴ፣ እማማ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ አብረውን ገቡ። መግቢያው ላይ ልጁ ጫማ ቁጥራቸውን ጠየቀ። እማማ የኪራይ ጫማውን ገልብጠው አዩት። «ስንት ሰው የተጫማውን? ጠበል የምሄድ ሰው ነኝ» ብለው መለሱለት። ሠራተኛው ወዲያው ጫማው ውስጥ መድኃኒት ነፋበት። እማማ ይህን ሲያዩ ጭራሽ ባሰባቸው፤ «በሽታ ባይኖረው መድኃኒቱን ምን አመጣው?» አሉ። ስለዚህ ተመልካች ሆኑ።

ለልጆቹ ኳሱ ቦይ ውስጥ እንዳይገባ በግራና በቀኝ አጥር ተነሳላቸው። እዚህ ላይ አባቶቹ ተከፈሉ። ግማሹ «ይሄማ ማጭበርበር ነው፤ ሕይወት አጥር የላትም» አለ። ልጁ እየተንገጫገጨ የሚሄደውን ኳስ በደስታ ሲከተል ያየው ሌላው ግማሽ ለራሱም አጥሩ እንዲነሳለት በድብቅ ጠየቀ። ልጄ በበኩሏ መምህሯ እንዳስተማራት ሩቅ ያለውን ፒን አላየችም፤ መንገዱ ላይ ቅርብ የተሣሉትን ቀስቶች አየች፤ ግራ እግሯን አስቀደመች፤ ዝቅ ብላ ለቀቀች። ኳሱ እየተጎተተ ሄዶ ሄዶ ከፊተኛው ፒን ጎን ገባ። አንድ ሁለት እያሉ ወደቁ፤ ዳር ያለችው አንዷ ስትወዛወዝ ቆይታ እሷም ተጋደመች።

እማማ ከወንበራቸው ተነስተው «ያችኛዋን ደግሞ ማን ነካት? ኳሱ እኮ በዚያ አላለፈም» አሉ።

«ጎረቤቷ ናት የጣለቻት እማማ» አልኳቸው።

«እንደኛ ሰፈር ነዋ!»

እውነታቸውን ነው። ጥሩ የቀኝ እጅ ስትራይክ ሲመታ ኳሱ ራሱ የሚነካው አራት ፒን ብቻ ነው፤ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ዘጠነኛውን። የቀሩት ስድስቱ የሚወድቁት እርስ በርስ እየተማቱ ነው። እማማ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ገባቸው፤ የሚወድቀውን ሳይሆን ሳይወድቅ የሚቀረውን ፒን ነበር የሚያደንቁት። «ጠንካራ ናት፣ የሰው ወሬ አልሰማችም» ይላሉ።

ይህ ጨዋታ ሁልጊዜ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። በ1895 ኒው ዮርክ ላይ ተመሥርቶ የቦውሊንግን ሕግ የጻፈው የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ እስከ 1950 ድረስ ጥቁር አባል አይቀበልም ነበር። የሐርቫርዱ ፕሮፌሰር ሮበርት ፑትናም ደግሞ አሜሪካኖች መደራጀት መተዋቸውን ሲጽፍ ምሳሌ ያደረገው ይህንኑ ጨዋታ ነው፤ ከ1980 እስከ 1993 የተጫዋቹ ቁጥር በአሥር በመቶ ሲያድግ በቡድን ተመዝግቦ የሚጫወተው በአርባ በመቶ ቀነሰ ይላል። ጂሙ ውስጥ የሳልቫዶር፣ የኢትዮጵያ፣ የቬትናምና የሜሪላንድ ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው አንዱ ላንዱ ፒን ሲያነሳ ሳይ ሁለቱም ነገር ትዝ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ልጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ።

ወደ እሁዱ ሻይ ልመለስ። ያየሁትን ሁሉ አስረዳሁ፤ ተቃራኒ እግሩን፣ ሒሳቡን፣ ተራ መጠበቁን። ማንም አልተበገረም። በመጨረሻ ሳላስበው «ዩኒቨርሲቲዎችኮ የሴቶች ቦውሊንግ ቡድን አላቸው፤ ከ2004 ጀምሮ የኮሌጆች ማኅበር ብሔራዊ ሻምፒዮና ያካሂዳል፤ ስኮላርሺፕም ይሰጣሉ» አልኩ። ጸጥታ ሆነ። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ስኮላርሺፕ?» አሉ። «ሙሉ?» አለ የታክሱ አባት። የሴት ልጅ አባቶች ስልካቸውን አወጡ። በሳምንቱ ሦስቱ ለልጆቻቸው የቦውሊንግ ኳስ ገዝተው እንደነበር ሰማሁ። በጋ ላይ ልጆች በነጻ የሚጫወቱበት ፕሮግራም በየቦውሊንግ ቤቱ መኖሩን ግን ቀድመው የነገሩኝ እነዚያው ላብ ይላሉ ያልኳችሁ ጋሼ ናቸው።

አገር ቤት ያላችሁ የስፖርት መምህራን፣ ይህች ወግ ለእናንተ ናት። በየክፍሉ ደራርቱን የማይሆን ልጅ አለ፤ ሹራብ ጠባቂ አታድርጉት። አሥር ባዶ ሃይላንድ ሰብስቡ፤ ነፋስ እንዳይጥላቸው ሢሶአቸው ድረስ አሸዋ ጨምሩና ክዳናቸውን አጥብቁ። መሬቱ ላይ በጠመኔ አሥር ነጥብ ምልክት አድርጉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ኳስ ከሌለ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ መስፋት ነው፤ እሱን ልጆቹ ከእናንተ በተሻለ ያውቁታል። ለትንንሾቹ አምስት እርምጃ ርቀት ይበቃል። ከሦስት ልጅ በላይ ባንድ መንገድ አታሰልፉ፤ ሃይላንድ ካነሰ በአሥር ፈንታ በስድስት አጫውቱ። የወረወረ ሁሉ ቀጥሎ ያነሳል። ከመስኮት ግን ራቅ በሉ፤ ቀኝና ግራውን የማያውቅ አይጠፋም።